ልጁ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ምን ትጠይቁታላችሁ? ከማሸነፍ በፊት ጠባዩን የሚያስቀድም ልጅ ለማሳደግ

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገባና ቦርሳውን ሳያወርድ «ዛሬ ፈተና አልነበረም» አለኝ። ምንም አልጠየቅኩትም። ሰላም እንኳ አልተባባልንም። የሚመጣበትን ጥያቄ ስለሚያውቀው ቀድሞ መለሰ።

ደነገጥኩ። ራሴን የምቆጥረው «ከሁሉም በላይ ጥሩ ሰው ይሁንልኝ» ከሚሉ ወላጆች ጋር ነበር። ይህንንም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ምክሬን ትቶ ጥያቄዬን ነው የያዘው።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅኩት ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በ33 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 10,000 ገደማ ታዳጊዎችን ያነጋገሩበትን ጥናት አወጡ። ከስኬት፣ ከደስታና ለሌላ ሰው ከማሰብ የትኛው ይበልጥባችኋል ሲባሉ 80 በመቶ የሚጠጉት ስኬትን ወይም የራሳቸውን ደስታ መረጡ። የሚያመው ግን ሌላው መልሳቸው ነው። «ወላጆቼ ለሰው አሳቢ ከመሆኔ ይልቅ በጥሩ ውጤቴ ይኮራሉ» በሚለው ሐሳብ የተስማሙት፣ ካልተስማሙት በሦስት እጥፍ ይበልጡ ነበር።

ከዚህ በታች የጻፍኩት ቤቴ ውስጥ የሞከርኩትንና ተሳስቼ ያረምኩትን ነው። ከቻላችሁ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ የመጀመሪያውን።

1. ለአንድ ሳምንት ልጁን ተዉትና ራሳችሁን ታዘቡ

ትንሽ ደብተር ያዙ። ማታ ማታ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ። ልጁ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቅኩት ምንድን ነው? ዛሬ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት በምን ምክንያት ነው? ለሌላ ሰው ስለ ልጄ ሳወራ ምን አልኩ?

ሦስተኛው መስመር ያማል። ለዘመድ በስልክ የምናወራው «በሒሳብ 95 አመጣ»፣ «ዋንጫ በሉ» የሚለውን ነው። «ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሳይነገረው ይቅርታ ጠየቀ» ብሎ የሚደውል ሰው አላጋጠመኝም። ልጁ ደግሞ በሚቀጥለው ክፍል ሆኖ ሁሉንም ይሰማል።

በዚህ ሳምንት ምንም ነገር አትቀይሩ። ለልጁም አትንገሩት። መጻፍ ብቻ። ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን አንብቡና «ይህን ብቻ ያየ ልጅ እኔን ምን እንደሚያስደስተኝ ቢጠየቅ ምን ይላል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

2. ሦስት ጠባይ ምረጡ፤ ከዚያ ወደ ድርጊት መንዝሯቸው

«ጨዋ ሁን» የሚለው ምክር ለልጅ ጆሮ ባዶ ነው። አንዱ ቤት ጨዋነት ዝም ማለት ነው፣ ሌላው ቤት ደግሞ ሰውን ማክበር። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ፣ የትዳር ጓደኛ ካለም አብራችሁ፣ ከሦስት ያልበለጡ ጠባዮች ምረጡ። አሥር ከመረጣችሁ አንዱንም አትይዙትም።

ከዚያ እያንዳንዱ በዓይን የሚታይ ነገር ይሁን። እውነተኝነት «ያጠፋሁትን ሳልጠየቅ እናገራለሁ» ይሁን። ርኅራኄ «ብቻውን የቆመ ልጅ ካየሁ ና እንጫወት እለዋለሁ» ይሁን። ጽናት «ቃል የገባሁትን ሲሰለቸኝም እጨርሳለሁ» ይሁን። ለአራት ዓመት ልጅ «ሳንቀማ ተራችንን እንጠብቃለን» ይበቃል። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ዝርዝር ሠርታችሁ ብትሰጡት አያነበውም። እሱ ራሱ ይጻፍና እናንተ ተከራከሩት።

አንድ ምክር ልጨምር። ከሦስቱ አንዱ እናንተም የሚያቅታችሁ ይሁን። የእኔ ትዕግሥት ነበር። ልጄ ይህን ሲሰማ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝርዝሩን የእኛ አለው።

3. የመጀመሪያውን ጥያቄ ቀይሩ

«ስንት አመጣህ?» እና «አሸነፋችሁ?» ይቅሩ አላልኩም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሁኑ። በቅድሚያ ከእነዚህ አንዱን ጠይቁ፦

«ዛሬ ማን ደግ ነገር አደረገልህ?»
«ብቻውን የዋለ ልጅ ነበር?»
«ዛሬ የከበደህ ነገር ምንድን ነው?»

በቀን አንድ ጥያቄ ይበቃል። ሦስቱን በተከታታይ ካወረዳችሁበት የፖሊስ ምርመራ ይሆንበታል። መጀመሪያ ሰሞን መልሱ «ምንም» ነው። አትጨቅጭቁ። የራሳችሁን ቀን ተርኩለት፤ «እኔ ዛሬ የሥራ ባልደረባዬ ላይ ጮህኩ፣ ቆይቶ ጸጸተኝ» በሉት። የእናንተ ወሬ እውነት ከሆነ የእሱም ይመጣል።

ደግሞ አንዳንድ ልጅ እናንተን ደስ ለማሰኘት የደግነት ታሪክ መፈብረክ ይጀምራል። የእኔው ጀግና በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው አዳነ። እንዲህ ሲሆን አታፋጥጡት፣ አታጨብጭቡለትም። ጭብጨባ ከሌለ ፋብሪካው ይዘጋል።

4. ምስጋናችሁን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን ሳናውቅ የምናጠፋው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ጥያቄ አሠሯቸው። ሲጨርሱ ገሚሶቹን «ብልህ ስለሆንክ ነው» ብለው አመሰገኑ፤ ሌሎቹን «ስለጣርክ ነው» አሉ። ከዚያ በጣም የሚከብድ ጥያቄ ሰጧቸው። ሁሉም ወደቁ። በመጨረሻ ለማያውቁት ልጅ ስለ ጥያቄዎቹ እንዲጽፉና ያገኙትን ነጥብም እንዲያሰፍሩ ተነገራቸው። ብልህ ከተባሉት ከ10 አራት የሚጠጉት ነጥባቸውን ዋሹ። ለጥረታቸው ከተመሰገኑት የዋሸው ከ10 አንድ ገደማ ነው።

የማያውቁት፣ ወደፊትም የማያገኙት ልጅ መሆኑን ልብ በሉ። ብልህ መባል ስም ሆነባቸውና ስሙን ላለማጣት ዋሹ። ስለዚህ የምስጋና ነገር የትምህርት ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታየንም ከእውነተኝነት ጋርም የተሳሰረ ነው።

አመሰጋገኑ ቀላል ነው። ያያችሁትን ተናገሩ፣ በሌላው ሰው ላይ ያመጣውን ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። «እህትህ ስታለቅስ ጨዋታህን ትተህ ሄድክ። ወዲያው ዝም አለች።» አለቀ። «ጎበዝ! አንበሳ!» መጨመር አያስፈልግም።

ለደግነት ክፍያ አትክፈሉ። ፌሊክስ ቫርነከንና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የ20 ወር ሕፃናት ሰው ሲቸገር አይተው ይረዱ ነበር። ለእርዳታቸው መጫወቻ የተሰጣቸው ሕፃናት ኋላ ላይ፣ ምንም ካልተሰጣቸው ያነሰ ረዱ። ገና አፋቸውን ያልፈቱ ልጆች! ጥርስ ለመቦረሽ ኮከብ የሚለጠፍበት ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ አልቃወምም። ለደግነት ግን አይሁን።

5. ቤት ውስጥ ተጫወቱ፣ ተሸናነፉ

ዳማ፣ ካርታ፣ ቼዝ፣ ያገኛችሁት ይሁን። መሸነፍን ቤት ውስጥ ያልተለማመደ ልጅ ሜዳ ላይ ይፈነዳል።

አምስት ዓመት ላልሞላው ዕድል የሚወስነውን ጨዋታ ምረጡ፤ ዳይስ ማንንም አያዳላም። ከስድስትና ሰባት ዓመት በኋላ ግን ሆን ብሎ መሸነፍ ይቁም። ልጁ ያውቃል። ባያውቅም እናንተ እያታለላችሁት ነው። ይልቅ በግልጽ አቅልሉለት፦ «እኔ አራት ጠጠር አንስቼ ልጀምር።» ሲጎብዝ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። በትክክል ያሸነፋችሁ ቀን ደስታው የራሱ ነው።

ሳትጀምሩ ሁለት ደንብ ተስማሙ። ያሸነፈ ጠጠሩን ይሰበስባል። የተሸነፈ ደግሞ ያኛው ከተጫወተው ጥሩ የነበረውን አንዱን ይናገራል። ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ጥርስ ተነክሶ ነው የሚባለው። ይሁን።

ሰሌዳውን ከገለበጠ ጨዋታው ለዛሬ አበቃ። ስብከት የለም፣ ነገ እንቀጥላለን። «ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን አለበት» አትበሉት፤ ለእሱ አለበት። «ከፋህ አይደል?» ብትሉት ይሻላል። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ይባል የለ? ሲሸነፍ ፊታችሁ እንዳልተለወጠ ማየቱ ከማንኛውም ምክር ይበልጥበታል።

6. ሜዳ ላይ

አጭር ነው። አሠልጣኙ ያሠልጥን፣ ዳኛው ይዳኝ፣ እናንተ ተመልከቱ። ዳኛ የሚሳደብ ወላጅ ስለ መከባበር የሚሰጠው ትምህርት እዚያው ያበቃል። ወደ ቤት ስትመለሱ እሱ ካላነሳው ጨዋታውን አታንሱ። «ርቦሃል?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም የጨዋታ ትንተና ይበልጣል።

7. ታሪክ ንገሩ፤ ግን ታሪኩን ምረጡ

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ተረት አነበበላቸው። ውሸታም ሲቀጣ የሚያሳዩት ተረቶች የልጆቹን ውሸት አልቀነሱም። እውነት ተናግሮ የተመሰገነ ልጅ ታሪክ ግን ቀነሰው። ስለዚህ የሚያስፈራራውን ተዉትና መልካሙን አሳዩ።

እኔ የምወዳቸው ሁለት እውነተኛ ታሪኮች አሉ። አንደኛው በ1988ቱ የሴኡል ኦሎምፒክ ነው። ካናዳዊው ሎውረንስ ለሚው በሸራ ጀልባ ውድድር ሁለተኛ ሆኖ እየተጓዘ ነበር። ነፋሱ በርትቷል። ጀልባቸው የተገለበጠባቸው ሁለት የሲንጋፖር ተወዳዳሪዎችን አየ። ውድድሩን ትቶ ሄደና አወጣቸው። የነፍስ አድን ጀልባ እስኪመጣም አብሯቸው ቆየ። ሲመለስ 22ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በስፔን የተደረገ አገር አቋራጭ ሩጫ ነው። ኬንያዊው አቤል ሙታይ ይመራል። የጨረሰ መስሎት ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ቆመ። ከኋላው የደረሰው ስፔናዊው ኢቫን ፈርናንዴዝ አናያ ሊያልፈው ይችል ነበር። አላለፈውም፤ መስመሩን እያመለከተ ቀድሞት እንዲገባ አደረገ።

ታሪኩን ስትጨርሱ «አንተ ብትሆን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ግን ትክክለኛውን መልስ አትጠብቁ። ልጄ ትንሽ አሰበና «እኔ አልፈው ነበር» አለኝ። ተናደድኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እውነቱን ነው የነገረኝ። እኔም ብሆን አልፈው ነበር መሰለኝ።

8. ጠባይ ዋጋ ሲያስከፍል

እስካሁን ያለው ልምምድ ነው። ዋናው ቀን ሳይነግራችሁ ይመጣል።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው የታረመ የፈተና ወረቀት ይዞ መጣ። ከ50፣ 48። ማታ ላይ ወረቀቱን አመጣና «ይሄን ጥያቄ ተሳስቻለሁ፣ መምህሯ ግን ትክክል አድርጋዋለች» አለኝ። ሁለት ነጥብ ነው።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው «ዝም በል» ነው። ሁለት ነጥብ ማንን ይጎዳል? ጥሩነቱ አፌን ያዝኩ። ትንሽ ቆይቼ «ምን አሰብክ?» አልኩት።

«ብነግራት ትቀንስብኛለች።»
«አዎ፣ ትቀንሳለች።»

በማግስቱ ነገራት። መምህሯ አመስግና ሁለቱን ነጥብ ቀነሰች። በክፍሉ ፊት ማንም አላጨበጨበለትም። ቤት የገባው አኩርፎ ነው። «ምን ጠቀመኝ?» አለኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። ነጥቡ እያደር አይመለስም።

ከዚያ ቀን ተምሬ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ የምከተለው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ዝም በሉ። የመጀመሪያ ሐሳባችሁ ምናልባት ጥሩ አይደለም። ከዚያ ምን እንዳሰበ ጠይቁ። የሚያጣውን ነገር አታሳንሱት፤ ከቀነሰች ትቀንሳለች፣ ጓደኛው ካኮረፈ ያኮርፋል። ብቻውን ከፈራ አብራችሁ ሂዱ፣ ግን የሚናገረው እሱ ይሁን። በሌላ ነገር አትካሱት። ለዚያ ቀን ልዩ ስጦታ የገዛችሁለት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ስጦታውን ይጠብቃል። መምህሯ ጋ ደውሎ «እንዲህ ላደረገ ልጅ ነጥቡ ቢመለስለት» ማለትም አለ፤ እኔ ስልኩን አንስቼ ነበር። አስቀመጥኩት።

ለልጄ በመጨረሻ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ምንም አልጠቀመህም። ከባድ ነገር ነው ያደረግከው፤ እኔ አንተን ብሆን አደርገው እንደነበር አላውቅም።» ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንሆን አንድ ጊዜ አነሳሁለት። ከዚያ በኋላ አላነሳሁትም።

አልናገርም ቢልስ? ትንሽ ልጅ ከሆነ እጁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ታዳጊ ከሆነ ግን እናንተ ምን እንደምታደርጉ ንገሩትና ውሳኔውን ለእሱ ተዉለት። በግድ የተነገረ እውነት የእናንተ እውነት ነው።

9. ሲኮርጅ ወይም ሲዋሽ

ይኮርጃል። ይዋሻል። የእናንተም ልጅ።

የምታውቁትን ነገር እንደማታውቁ ሆናችሁ አትጠይቁ። «ፈተናውን ራስህ ነህ የሠራኸው?» ብሎ ወጥመድ መዘርጋት ሁለተኛ ውሸት ማስወለድ ነው። «መኮረጅህን አውቄያለሁ። ምን ፈርተህ ነው?» በሉት። መልሱን ለመስማት ተዘጋጁ፤ ብዙ ጊዜ የፈራው እናንተን ነው።

ዱላና ጩኸት እውነተኛ ልጅ አያወጡም። ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 በምዕራብ አፍሪካ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረው ነበር። አንዱ ልጆችን ይገርፋል፣ ሌላው አይገርፍም። የሦስትና አራት ዓመት ልጆችን አሻንጉሊት እንዳያዩ ነግረው ወጡ። በሁለቱም ትምህርት ቤት አብዛኞቹ ሰርቀው አዩ። የሚገረፉት ግን ይበልጥ ዋሹ፤ ውሸታቸውንም ይበልጥ አሳምረው ደበቁ።

ቅጣት የለም ማለት አይደለም። ያበላሸውን ያስተካክላል። ለመምህሩ ይናገራል፣ የሰበረውን ይጠግናል፣ ያስቀየመውን ልጅ ሄዶ ያነጋግራል። ይህ ከአንድ ሳምንት ስልክ መነጠቅ ይከብዳል፤ ቢሆንም የሚያስተምረው ነገር አለው።

10. የራሳችሁን ቤት ጠባይ

ስልክ ይጠራል፤ ሰውዬውን ማናገር አልፈለጋችሁም። «የለም በለው!» ትላላችሁ። ልጁ አንስቶ «የለም» ይላል። ስለ እውነት የተናገራችሁት ሁሉ ያን ጊዜ በመስኮት ይወጣል።

ፍጹም መሆን አይጠበቅባችሁም። ስትሳሳቱ ግን በሙሉ አፋችሁ ይቅርታ ጠይቁት። «ይቅርታ፣ ግን አንተም…» ይቅርታ አይደለም። «ያለ ጥፋትህ ጮህኩብህ። ይቅርታ» ነው።

ስለምትፈሩት ነገር

«ይሄ ልጅ ነገ በሌሎች አይበለጥም?» የሚል ጥያቄ ውስጣችሁ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም አለብኝ። አንዳንዴ ይበለጣል። የኮረጀ ልጅ ይበልጠዋል። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ግን ስንፍናን ከጠባይ ጋር አታምታቱ። ጥናትም፣ ልምምድም፣ የጀመሩትን መጨረስም ጠባይ ነው። የቤት ሥራውን በጥብቅ ጠይቁት። ልዩነቱ ውጤቱ የመጣ ቀን ነው የሚታየው። ለፍቶ ዝቅ ያለ ውጤት ካመጣ ያልገባውን አብራችሁ ፈልጉ። ሳይለፋ ከፍ ያለ ካመጣ ደግሞ ድግስ አታብዙ። ዘመድ መጥቶ «ስንት አመጣህ?» ሲለው እናንተ ቀድማችሁ ነጥቡን አትንገሩ። ልጁ ከፈለገ ይንገር፣ ካልፈለገ ሌላ ወሬ አንሱ።

ከወር በኋላ ደብተሩን መልሳችሁ አውጡና ያን ሳምንት ድገሙት። ያው ሦስት መስመር። እኔ የመጀመሪያውን ያሻሻልኩ ይመስለኛል። ሁለተኛው ይወጣል፣ ይወርዳል። ሦስተኛው ላይ አሁንም እወድቃለሁ። ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለችና «ልጅሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። አጠገቤ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል። «ደህና ነው፣ በሒሳብ…» ብዬ ጀመርኩ። ከመጽሐፉ ቀና ብሎ አየኝ።